በጓዳ የተከማቸው ዕቃና የግብሩ ጥያቄ

በሆሳዕና ከተማ ካለ አንድ ሱቅ ጓዳ፣ ሳይሸጥ የቀረ የተማሪ ደብተርና ጫማ ተከማችቶ አለ እንበል። ይህ ዕቃ ምንድን ነው? በመሠረቱ የሠራተኛው ጉልበት ውጤት ነው። ወረቀቱን ያመረተው፣ ጫማውን የሰፋው፣ ከአዲስ አበባ ጭኖ ያመጣው ሰው ድካም አለበት። አይጥ ቢበላው የሚጠፋው የነጋዴው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ይኸው ድካም ጭምር ነው። ታዲያ ለተቸገረ ቢሰጥ የግብር ሕጉ እንዴት ይመለከተዋል?

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የሰጠው መልስ ጠባብ ነው። ስጦታ በወጪነት እንዲያዝ የፈቀደው ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ማኅበር ሲሰጥ፣ አለዚያም ሉዓላዊነትን ለመከላከል ወይም አደጋንና ወረርሽኝን ለመግታት መንግሥት ጥሪ ሲያደርግ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ ነጋዴዎች በዓይነት ጭምር የሰጡት እንዲህ ላለው ጥሪ ነበር። ያም ሆኖ የሚነሣው ወጪ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ እንዳያልፍ ተወስኗል።

በቁጥር እንየው። ግብር የሚከፈልበት ገቢው 400,000 ብር የሆነ ኩባንያ 60,000 ብር የወጣበትን ዕቃ ቢለግስ፣ የሚያዝለት 40,000 ብር ብቻ ነው። በ30 በመቶ ሲሰላ ግብሩ የሚቀንሰው 12,000 ብር ነው፤ የቀረው 48,000 ብር የራሱ ኪሳራ ነው። ስለዚህ «ነጋዴ የሚሰጠው ከግብር ለማምለጥ ነው» የሚለው የሰፈር ሐሜት በሐቀኛ ስሌት አይደገፍም። በሐቀኛ ስሌት ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያረጀውን በአዲስ ዋጋ የሚመዘግብ፣ አንዱንም ዕቃ አንዴ በሽያጭ ወጪ፣ አንዴ በስጦታ ሁለት ጊዜ የሚያነሣ አይጠፋም።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 በመቶ የተጣለው የተጨማሪ እሴት ታክስም አለ። የዚህ ታክስ መርሕ ሸክሙን የመጨረሻው ተጠቃሚ እንዲሸከም ነው። ሲገዛ የከፈለውን ታክስ ያቀናነሰ ነጋዴ ዕቃውን በነፃ ሲሰጥ፣ በመርሑ መሠረት እንደ መጨረሻ ተጠቃሚ ይቆጠራል።

ትንሹ ነጋዴስ? በ2008ቱ አዋጅ የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የነበረው የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ በቁርጥ ይከፍል ስለ ነበር፣ የወጪ ቅነሳው አልደረሰውም። ከድኻው ጎን የሚኖረው ግን እርሱ ነው፤ ብርድ ልብስ ወይም ደብተር ሲተርፈውም የሚወስደው ወደ ዕድሩ ነው። ዕድርን ደግሞ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከወሰኑ ውጭ አድርጎት ነበር፤ ይህ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። የዕድሩ ዳኛ ባለ ማኅተም የምስጋና ደብዳቤ ቢጽፍለትም፣ ነጋዴው በሱቁ ግድግዳ ይሰቅለዋል እንጂ ለግብር ሰብሳቢው የሚያቀርበው ማስረጃ አይሆነውም።