ድምፅ የሌለው ኪቦርድ፤ ስለ ሚዲ መሣሪያ የሚባለውና እውነቱ

በነቀምቴ ከተማ፣ በቡርቃ ጃቶም ሆነ በሌሎቹ ሰፈሮች፣ እንዲሁም በጊምቢና በደምቢ ዶሎ፣ ከቤቱ አንዲቱን ክፍል ለዜማ ሥራ ለይቶ፣ ላፕቶፕና ማዳመጫ አሰናድቶ፣ የራሱን ወይም የመዘምራኑን ቅንብር ለማዘጋጀት የሚነሣ ወጣት ገንዘቡን አስቀድሞ ሊያወጣበት የሚያስበው ዕቃ ሚዲ ኪቦርድ ነው። ስለዚሁ መሣሪያ ከሻጭ ወደ ገዢ፣ ከአቀናባሪ ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፈው ነገር ግን ብዙው ከእውነቱ የራቀ በመሆኑ፣ ገዢው የሚያስፈልገውን ትቶ የማያስፈልገውን ይዞ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ጥቂቱን መመርመር ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት «የዚህኛው ድምፅ ከዚያኛው ያምራል» የሚለው ነው። ሚዲ ኪቦርድ በጠባዩ ድምፅ የለውም። ጣት ቁልፉን ሲጫን ወደ ኮምፒዩተሩ የሚሄደው የትኛው ቁልፍ እንደ ተመታ፣ በምን ያህል ኃይል እንደ ተመታና መቼ እንደ ተለቀቀ የሚገልጽ ቍጥር ብቻ ሲሆን፣ ያንን ቍጥር የክራር ወይም የፒያኖ ድምፅ የሚያደርገው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። የያሬዳዊ ዜማ ሊቃውንት ለዚህ የቀረበ ምሳሌ አላቸው፤ ይኸውም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጀ የሚነገርለት የድጓ ምልክት፣ ይዘቱም ደረቱም ድፋቱም ጭረቱም፣ በብራናው ላይ ዝም ብሎ ይኖራል እንጂ ራሱ አያዜምም፤ ዜማውን የሚያሰማው ምልክቱን ያነበበው መሪጌታ ነው። የጃፓኑ የሮላንድ ኩባንያ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺና አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝ አስበውት በ1983 እ.ኤ.አ. ለዓለም የተገለጠው የሚዲ ሥርዐትም እንደዚሁ የምልክት ሥርዐት ነው። ስለዚህ ሻጩ በሱቁ ውስጥ ያሰማው ያማረ ድምፅ የኮምፒዩተሩ መሆኑን ያወቀ ሰው፣ በኪቦርዱ ላይ ሊጨምር ካሰበው ገንዘብ ከፍሎ የተሻለ ማዳመጫ ቢገዛበት ሥራው ይበልጥ ይሠምርለታል።

«ከውጭ የመጣ ኪቦርድ የእኛን ቅኝት አይጫወትም» የሚለው ቃል በከፊል እውነት ያለበት ስለ ሆነ ሰፋ ያለ ምርመራ ይፈልጋል። አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍሎች የሚከፍለው የአውሮፓ ሥርዐት፣ ክራር ደርዳሪውና ማሲንቆ መቺው በጆሯቸው አስተካክለው የሚያቆሙትን የአንቺ ሆዬን ወይም የአምባሰልን የድምፅ ርቀት ሁልጊዜ በልኩ አያገኘውም፤ በዚህም ምክንያት በኮምፒዩተር የተቀናበረ ባህላዊ ዜማ ለለመደው ጆሮ አንዳንድ ጊዜ እንግዳ ይሆንበታል። ጥፋቱ ግን የኪቦርዱ አይደለም። ኪቦርዱ 69 የሚል ቍጥር ቢልክ፣ 69ን በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ አድርጎ የሚያሰማው ፕሮግራሙ ነውና፣ ያው ፕሮግራም መቃኘትን የሚፈቅድ ከሆነ የዚያኑ ቁልፍ ድምፅ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ለዚሁም የሚያገለግል ደንብ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚዲ ሥርዐት ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ከኪቦርዱ ላይ መፈለግ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ፒች ቤንድ የሚባለው መንኰራኵር ነው። አብዛኛው የሚዲ ምልክት ከ0 እስከ 127 ባሉት ቍጥሮች ሲወሰን፣ ለዚህ መንኰራኵር ሥርዐቱ የመደበለት 16,384 ደረጃ ስለ ሆነ፣ የማሲንቆ መቺው ጣት ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲንሸራተት የሚሰማውን ልስላሴ ሳይቆራረጥ ለመከተል የሚበቃ እርሱ ነው። በትንንሾቹ ኪቦርዶች ላይ ግን ይህ መንኰራኵር ቦታውን ለሁለት ቁልፎች ወይም ለትንሽ ዘንግ ለቆ ይገኛል። በእኔ አስተያየት ለአገራችን ዜማ የሚሠራ ሰው፣ ብልጭ ድርግም ከሚሉት 16 የከበሮ ፓዶች ይልቅ እጅ የሚታዘዘው አንድ ደኅና መንኰራኵር ቢመርጥ ይሻለዋል።

የቁልፍ ብዛት የሙያ መለኪያ ነው የሚሉም አሉ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ከቀሩ በኋላ፣ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ በኖሩባቸው ዓመታት በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ ኪቦርድ በመኪናቸው የኋላ ዕቃ መያዣ አስቀምጠው፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ እያወጡ ይለማመዱ ነበር። ስለዚህ የቁልፉ ብዛት የሚወሰነው በሥራው ጠባይ ነው። በአንድ እጅ ዜማ ለሚያስገባ ሰው 25 ቁልፍ ይበቃዋል፤ ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ከመለሱ በኋላ ባስተማሩባት በነቀምቴ፣ የመዘምራን ጉባኤ በጸናባት ከተማ፣ ለኅብረ ዝማሬ በሁለት እጅ አጅቦ የሚጫወት ሰው ግን ከ49 ወይም ከ61 ያነሰ ቢይዝ ግራ እጁ ቦታ ያጣል። እንደ ፒያኖ ቁልፍ ክብደት የተሰጣቸው 88 ቁልፎች በፒያኖ ትምህርት ላደገ ጣት እንጂ ለሌላው ግዴታ አይደሉም።

«ውድ ኪቦርድ አይዘገይም» ብሎ ገንዘቡን የጨመረ ሰውም አለ። የአንድ ድምፅ ምልክት በአሮጌው ባለ አምስት እግር ገመድ እንኳ በሰከንድ 31,250 ቢት ፍጥነት ተጉዞ አንድ ሚሊ ሰከንድ ሳይሞላ ይደርሳል። ጊዜውን የሚወስደው ኮምፒዩተሩ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት የሚያጠራቅምበት በፈር ነው፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚሠራበት ጊዜ በፈሩ 1,024 ከሆነ 23 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያዘገያል፣ ወደ 256 ሲወርድ ወደ 6 ገደማ ይቀንሳል። በዊንዶውስ የሚሠራ ሰው አሲዮ የሚባለውን ድራይቨር ቢጭን መድኃኒቱን ያለ ወጪ ያገኛል፤ ላፕቶፑ ደካማ ሆኖ ድምፁ መንጫጫት ከጀመረ ግን በፈሩን መልሶ ከፍ ማድረግ አለበት።

እጅግ የሚያሳዝነኝ አሮጌው ኦርጋን ዘመኑ አልፎበታል ተብሎ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ መቀመጡ ነው። ከኋላው ባለ አምስት ቀዳዳ የሚዲ መውጫ ወይም ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኝ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ኦርጋን ሁሉ፣ ገመዱ ብቻ ተገዝቶለት፣ የራሱ ድምፅ ተዘግቶ፣ ሙሉ የሚዲ ኪቦርድ ይሆናል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ሚዲ 2.0 ከቀድሞው ጋር እንዲግባባ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ይህን አይሽረውም።

አዲስ ለመግዛት የተነሣ ሰው ግን፣ ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 330 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ዕቃውን መልሶ ማስለወጥ አድካሚ ነውና፣ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ሱቁ ይግባ። ኪቦርዱ በዩኤስቢ ገመድ ብቻ ኃይል የሚያገኝ መሆኑን ያረጋግጥ፤ መብራት ሲጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ ሥራውን ይቀጥላልና። ከዚያም እያንዳንዱን ቁልፍ በቀስታ፣ በመካከለኛና በብርቱ ኃይል እየመታ በፕሮግራሙ ላይ የሚታየውን ቍጥር ይከታተል፤ በቀስታ ተነክቶ ወደ 127 የሚዘል ወይም በብርቱ ተመትቶ ከ90 የማያልፍ ቁልፍ ካለ ሌላ ያስመጣ። በመጨረሻም የፔዳል ቀዳዳ እንዳለው ከኋላው ይመልከት፤ በዚህ ቀዳዳ የሚሰካው ሰስቴይን ፔዳል፣ ጣት ከቁልፉ ተነሥቶ ወደ ሌላው ሲሻገር ድምፁ እንዳይቋረጥ ያደርጋልና፣ ዝግ ያለ መዝሙር የሚያጅብ ሰው ያለ እርሱ አይሆንለትም።