አንድ ሺህ ብር፦ የሞራል ጉዳት ካሣ ጣሪያ በኢትዮጵያ ሕግ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከውል ውጭ በሚደርስ ኃላፊነት ረገድ፣ ቁሳዊ ጉዳትንና የሞራል ጉዳትን ለይቶ ይመለከታል። የሕክምና ወጪና የተቋረጠ ገቢ ከቁሳዊ ጉዳት የሚመደቡ ሲሆኑ፣ ካሣቸው በአንቀጽ 2091 መሠረት ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። ሕመም፣ ሐዘንና ውርደት ግን የሞራል ጉዳት ናቸው።

የሞራል ጉዳት በገንዘብ የሚካሰው ሕግ በግልጽ በፈቀደው ጊዜ ብቻ ነው። የአካል ጉዳትና ሞት ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ፤ በአንቀጽ 2113 መሠረት ዳኛው ለተጎጂው ወይም ለሟቹ ቤተሰብ በርትዕ ካሣ ሊወስን ይችላል። ሆኖም አንቀጽ 2116(3) ይህ ካሣ በማናቸውም ሁኔታ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይከለክላል። ስለዚህ በመኪና አደጋ እግሩን ያጣ ሰው ሥቃይ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ ዳኛው ከዚህ አልፎ ሊወስን አይችልም።

ለጣሪያ የሚቀርበው መከራከሪያ የሚናቅ አይደለም። ሐዘን የገበያ ዋጋ የለውም፤ መለኪያ በሌለበት ደግሞ ተመሳሳይ ጉዳዮች የተራራቀ ውሳኔ ሊያገኙ ይችላሉ። ችግሩ የሚመነጨው ግን ገደብ ከመኖሩ ሳይሆን፣ ቁጥሩ ባለበት ከመቆሙ ነው። ሕጉ በወጣበት ዘመን አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.50 ብር ገደማ ይመነዘር ስለነበር፣ 1,000 ብር 400 ዶላር ያህል ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ያው ገንዘብ ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም።

ሕግ አውጪው ራሱ በሌላ ዘርፍ የተለየ መንገድ ተከትሏል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ይደነግጋል። ድርሰቱ ያለፈቃዱ የታተመበት ደራሲ የካሣ ወለል ሲኖረው፣ አካሉን ያጣ ሰው የወለሉን አንድ መቶኛ የሚያህል ጣሪያ ተደርጎበታል።

የካሊፎርኒያ ተሞክሮ መውጫውን ያመለክታል። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1975 በሕክምና ስሕተት ክሶች ላይ የጣለችው የ250,000 ዶላር ጣሪያ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሳይለወጥ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ግን ከፍ ተደርጎ በየዓመቱ እንዲያድግ ተወስኗል። በኢትዮጵያም ጣሪያው የግድ እንዲኖር ከተፈለገ፣ ከዋጋ ለውጥ ጋር የሚራመድ ሊሆን ይገባል። አለዚያ አንቀጽ 2113 የሰጠውን መብት አንቀጽ 2116(3) መልሶ ይወስደዋል።