«ብዛቱ ለቀቀኝ!»

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጆሮዬ ሥራ ፈትቷል መሰለኝ፣ የሰው አነጋገር ያናድደኛል። ወደ መርሳ የሚወስደን የሚኒባስ ረዳት ገና ሲሪንቃን ሳንለቅ ስልኩን አንሥቶ «ደርሻለሁ» ይላል። የልጅ ልጄ «ቤዚካሊ» ሳትል ወሬ አትጀምርም። ከወንበሩ ተነሥቶ እየወጣ «መጣሁ» የሚለውማ! የሚሄድ ሰው እንዴት «መጣሁ» ይላል? ዜና አንባቢው ደግሞ «ዋና ዋና ዜናዎች» ሲል ሳያጠብቅ ስለሚያነበው መዋኘት ይታየኛል።

በ«ቦሊስ» ግን አልናደድም። እኔም ነርስነት ልማር ስሄድ «ሆስቢታል» ብዬ ክፍሉ ስቆብኛል። «ፐ» ለብዙ ገጠሬ እንግዳ ድምፅ ነው፤ በ«በ» ቢተካው ማንም አልታመመበትም። «ኪኒን»ም የአንድ የወባ መድኃኒት፣ የኩዊኒን ስም ነበር፤ ዛሬ ለሚዋጠው ሁሉ እንጠራበታለን፣ ተግባብተናል።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ቃል ነው፤ «ደም ብዛት»።

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ እትዬ ፊታቸው በርቶ መጡ። «ሲስተር፣ እንኳን ደስ ያለሽ በይኝ፤ ብዛቱ ለቀቀኝ!»

«ማን አለ?»

«ተመርምሬ ደም ማነስ አለብዎት አሉኝ። አንሷል እኮ!»

ኪኒናቸውን ከተዉት ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። መለኪያዬን አውጥቼ ብለካቸው 180 በ110። የዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ።

እትዬ አልተሳሳቱም፤ ቃሉን እንዳለ ነው የተረዱት። የበዛ ነገር ካነሰ ድኗል። ሁለቱ ግን አይገናኙም። ማነስ የሚባለው በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ሲጎድል ነው። ሌላው ደም የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው፤ በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል፤ ኩላሊቱ የታመመ በተለይ። ነፍሰ ጡሮች የታዘዘላቸውን የአይረን ኪኒን «ደም ይጨምርብኛል» ብለው ሲደብቁ አይቻለሁ። ደሙ እንዲቀንስ ብለው ዋግምት ያስነቀሉም ነበሩ። ግፊቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ሰውየው የሚያምነው የተነገረውን ቃል ብቻ ነው።

ማንን ልውቀስ? ከ30 ዓመት በላይ እኔው ራሴ «ደም ብዛት አለብዎት» ስል ኖሬያለሁ። አጭር ነው፣ ሰው ያውቀዋል፣ ወረፋውም ረጅም ነበር። በላዩም እንደ ወሎ ሰው «አብሽሪ» እጨምርበታለሁ። አብሽሪን እወደዋለሁ፤ አሁን አዲስ አበባም ይዞታል። በሽተኛዋ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ከተባለ ግን በር መዝጊያ ነው። ስንቷን እንደዘጋሁባት አላውቅም።

ከጤና ጣቢያ ስንመለስ «ግፊት ነው የሚባለው» አልኳቸው።

«ማነው የሚገፋኝ?» አሉ እትዬ፣ ተቆጥተው።

ጓሯቸው ወሰድኳቸውና ጎመን የሚያጠጡበትን የውኃ ጎማ ከፈትኩ። ጫፉን በአውራ ጣቴ ስጫነው አጥሩን ተሻግሮ ተረጨ። «ውኃው በዛ?» አልኳቸው። «ኧረ ያው ነው፤ መውጫው ጠበበው እንጂ» አሉ። ውኃውን ቀነስኩት፤ አሁንም ጫን ሳደርገው ተወነጨፈ። ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ።

ኪኒናቸውን ጀምረዋል፤ ለደም ማነሱም የታዘዘላቸውን ይወስዳሉ። «ግፊት» የሚለውን ግን እስካሁን አልተቀበሉትም። በየሳምንቱ እሑድ ይመጡና እጅጌያቸውን ሰብስበው «ሲስተር፣ ጎማዬን ለኪልኝ» ይላሉ።