ልጆች በመርከብ ላይ ትንሽ ሠርግ ሲፈልጉ

በሃይፋ ለብዙ ቤተሰብ ሠርግ ማለት ሰፊ አዳራሽና አምስት መቶ፣ ስድስት መቶ እንግዳ ማለት ነው። አሁን ግን «ሠላሳ አርባ ሰው ይበቃናል፤ ሁፓውም መርከብ ላይ ይሁን» የሚሉ ልጆች አሉ። ወላጅን ሁለት ነገር ያስጨንቀዋል፤ ያልተጠራ ዘመድ ቅያሜና ጋብቻው ይጸናል ወይ የሚለው ጥያቄ።

በከተማዋ ታሪክ ያላት መርከብ ስትነሳ መጀመሪያ የምትጠራው «አፍ አል ፒ ኬን» ናት፤ «ቢሆንም እንኳ» እንደ ማለት ነው። በመስከረም 1947 እ.ኤ.አ. 434 ስደተኞችን ከጣሊያን ይዛ ስትመጣ እንግሊዞች ያዟት፤ ተሳፋሪዎቹንም ወደ ቆጵሮስ ላኳቸው። እዚያ በሽቦ አጥር በተከበቡት ካምፖች ብዙ ጥንዶች ተጋብተዋል። መርከቧ ዛሬ በአለንቢ መንገድ ባለው የባሕር ኃይል ሙዚየም ግቢ የብስ ላይ ቆማለች። ከባት ጋሊም ሰፈር ሩቅ አይደለችም። በሱዳን በኩል ለመጡ ሰዎች ይህ ስም ሌላ ትዝታ አለው፤ በ1981 ከ160 በላይ ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን የባሕር ዳርቻ በሌሊት የጫነችው የባሕር ኃይል መርከብ ስሟ ባት ጋሊም ነበር።

ወደ ጽናቱ ስንመጣ፣ ሁፓ የትም ቢተከል ሁፓ ነው፤ እንዲያውም ከሰማይ በታች መሆኑ የቆየ ልማድ ነው። ለሰባቱ ቡራኬ አሥር ወንዶች፣ ለቅዱሺኑ ዘመድ ያልሆኑ ሰንበት ጠባቂ ሁለት ምስክሮች ካሉ በሕጉ የሚጎድል ሰው የለም። ካፒቴኑ ግን ማጋባት አይችልም። በእስራኤል ምድር አይሁዳውያን የሚጋቡት በራባኑት በኩል ነው። በ2013 በወጣው ሕግ መሠረት ጋብቻውን የማያስመዘግብ ተጋቢም ሆነ አጋቢ እስከ 2 ዓመት እስራት ሊደርስበት ይችላል።

ራባኑት ሲባል የሽማግሌዎች ፊት የሚጠቁረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1985 ከመጋባታችሁ በፊት ሚቅቬ ግቡ መባሉ፣ በኢየሩሳሌም አንድ ወር ገደማ የፈጀው የተቃውሞ ሰልፍ አይረሳም። ያኔ የናታንያው ራብ ዳዊድ ሸሉሽ ያለዚያ ግዴታ ያጋቡ ስለነበር ሰው ከሩቅ ከተማ ወደ እሳቸው ይሄድ ነበር። ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል፤ ከ2013 ወዲህ ተጋቢዎች በፈለጉት ከተማ ራባኑት ፋይል መክፈት ይችላሉ። ፋይሉ ከሠርጉ ወራት ቀደም ብሎ ይከፈት።

መርከቧ ውኃ ላይ የምትሄድ ከሆነች ጥቂት ነገር መጠየቅ ይገባል። በፈቃዷ ላይ የተጻፈው የሰው ቁጥር ስንት ነው? ምግቡ የኮሸር ወረቀት አለው? ጉልበት የሚያማቸው አያት በየት በኩል ይወጣሉ? ማታ ነፋስ ስላለ ነጠላ ብቻውን አይበቃም። መርከብ ደግሞ የሐበሻ ቀጠሮ አያውቅም፤ ከተነሳ የዘገየ እንግዳ ወደብ ላይ ቀረ።

የዘመድ ቅያሜ የሚፈታው በመልስ ነው። ከሁፓው በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት በአንዱ በወላጆች ቤት ወይም በሰፈሩ አዳራሽ ድግስ ቢደገስ፣ ሰባቱ ቡራኬ እዚያም በሚንያን ይደገማል፤ ቄሶችና ሽማግሌዎችም ሙሽሮቹን ይመርቃሉ። ወደ መርከቡ የማይጠሩት ታላላቆች ግን ይህን ከወላጅ አፍ፣ ቤታቸው ድረስ ተሂዶ ይስሙ። በዋትስአፕ ከሆነ ግን ድግሱም አያስታርቅም።