የአውቶማቲክ ካምቢዮ ብልሽትና የመቀየሪያ ጊዜው

አውቶማቲክ ካምቢዮ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሳይረግጥና ማርሽ በእጁ ሳይቀያይር የሞተሩን ጉልበት ለጎማዎች የሚያደርስ የመኪና ክፍል ነው። በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው አውቶማቲክ ካምቢዮ የጄኔራል ሞተርስ «ሃይድራማቲክ» ሲሆን፣ የወጣውም በኦልድስሞቢል የ1940 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል መኪኖች ላይ ነበር። ካምቢዮ ከሞተር ቀጥሎ ውድ ከሆኑት የመኪና ክፍሎች አንዱ ነው። የካምቢዮ ብልሽት የሚመስሉ ብዙ ምልክቶች ግን ከሌላ ቦታ ይመጣሉ። ስለዚህ ካምቢዮውን ለመቀየር ከመወሰን በፊት ምልክቶቹን መለየት ያስፈልጋል።

አሠራር

በማንዋል መኪና የፍሪሲዮንን ሥራ የሚሠራው በአውቶማቲክ ውስጥ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል የሞተሩን ጉልበት በሚሽከረከር ዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው ያስተላልፋል። በካምቢዮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ላይ ማርሽ የሚመረጠው በዘይት ግፊት ተጨምቀው በሚይዙ ስስ የፍሪሲዮን ዲስኮች ነው። ዘይቱ በየት በኩል እንደሚሄድ የሚወስኑት ሶሌኖይድ የተባሉ የኤሌክትሪክ ቫልቮች ሲሆኑ፣ ትእዛዝ የሚቀበሉትም ከኮምፒውተር ነው። ሲቪቲ በሚባለው ዓይነት ደግሞ በማርሽ ፈንታ በሁለት ፑሊዎች መካከል የሚዞር የብረት ቀበቶ አለ።

ስለዚህ ዘይቱ ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ጉልበት ያስተላልፋል፣ ዲስኮቹን ይጨምቃል፣ ሙቀትንም ያወጣል። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ በአብዛኞቹ መኪኖች በሞተሩ ስለሚዞር አውቶማቲክ መኪና እንደ ማንዋል በግፊ አይነሳም።

በአቀበት ላይ

አዲስ አበባ በቦሌ በኩል ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ በእንጦጦ በኩል ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። በአሮጌው የከተማዋ ማዕከል በአራዳና በፒያሳ መንገዶቹ ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ድልድይ ተሻግረውም መልሰው ሽቅብ ይወጣሉ። በዳግማዊ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም የሚጠራው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚገኘው በዚህ አካባቢ ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር መኪና በሰልፍ ውስጥ ሆኖ ከቆመበት ሽቅብ ሲነሳ በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ይግላል፤ የደከመ ካምቢዮም ችግሩን የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ጊዜ ነው።

ሆኖም አቀበት ላይ መድከም ሁሉ የካምቢዮ ጥፋት አይደለም። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ልዩነቱን የሚያሳየው የሞተር ዙር መለኪያው ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ዙሩም ፍጥነቱም ካልጨመረ መመርመር ያለበት በመጀመሪያ ሞተሩ ነው። ዙሩ ጨምሮ ሞተሩ ሲጮህ ፍጥነቱ ግን ባለበት ከቀረ፣ ካምቢዮው እየተንሸራተተ ነው። በሲቪቲ መኪና ዙሩ ከፍ ብሎ እዚያው መቆየቱ የተለመደ ስለሆነ መታየት ያለበት ፍጥነቱ አብሮ መጨመሩ ነው።

ዋና ዋና ምልክቶች

• መዘግየት፦ እጀታው ከ«ፒ» ወይም ከዜሮ ማርሽ ወደ «ዲ» ወይም ወደ «አር» ሲገባ መኪናው ሁለትና ሦስት ሰከንድ ቆይቶ መያዝ።
• መንሸራተት፦ በተለይ ካምቢዮው ከሞቀ በኋላ ዙር ያለ ፍጥነት መጨመር።
• መምታት፦ ማርሽ ሲቀየር መኪናው በኃይል መንገጫገጭ።
• የማርሽ መጥፋት፦ ወደ ኋላ አለመሄድ ወይም ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው አለማለፍ።
• ድምፅ፦ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ማፏጨት ወይም መፋጨት።
• የዘይት ለውጥ፦ አብዛኛው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አዲስ ሲሆን ቀይ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ዲስኮቹ እየነደዱ ነው። ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ከራዲያተሩ ውሃ ገብቶበታል።

ከካምቢዮ ጋር የሚምታቱ ችግሮች

የዘይት ማነስ ብቻውን መዘግየትንም መንሸራተትንም ያመጣል። የተሳሳተ ዘይትም እንዲሁ ነው፤ የሲቪቲ ዘይትና የተራው አውቶማቲክ ዘይት አይተካኩም። ያረጀ ካንዴላ መኪናው በአቀበት ላይ እንዲንገጫገጭ ያደርጋል፤ ይህም የማርሽ መምታት ይመስላል። ሞተሩን የሚደግፉት ጎማዎች ሲቀደዱ «ዲ» ሲገባ «ዷ» የሚል ድምፅ ይሰማል። የተበላሸ ሶሌኖይድ ወይም የዛገ የሽቦ መጋጠሚያ ደግሞ ኮምፒውተሩ ካምቢዮውን ከጉዳት ለመከላከል በአንድ ማርሽ ላይ እንዲያቆመው ያደርጋል። በዚህ ጊዜ መኪናው ካምቢዮው ፈጽሞ የሞተ ይመስላል፤ ጥገናው ግን አንድ ቫልቭ ወይም አንድ ሽቦ መቀየር ሊሆን ይችላል።

በዚህ ምክንያት ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል። በመጀመሪያ የዘይቱ መጠን፣ ቀለምና ሽታ ይታያል፤ ቀጥሎ የስህተት ኮዱ በመመርመሪያ መሣሪያ ይነበባል፤ ከዚያም የዘይት ግፊቱ ይለካል፤ በመጨረሻ የካምቢዮው የታች ክዳን ይፈታል። በክዳኑ ውስጥ ባሉት ማግኔቶች ላይ የተለጠፈ ልም ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ግን የተለመደ አይደለም።

መጠገን ወይስ መቀየር

የዘይት ማፍሰስ፣ የሶሌኖይድና የሽቦ ችግር ካምቢዮን አያስቀይርም። ዲስኮቹ ብቻ ሲያልቁ ካምቢዮው ተፈትቶ ሊታደስ ይችላል። መቀየር የሚያስፈልገው ጥርሶች ሲሰበሩ፣ ቀፎው ሲሰነጠቅ፣ የሲቪቲው ቀበቶ ፑሊዎቹን ሲፍቅ፣ ወይም የማደሻ ዕቃዎቹ ዋጋ ከሌላ ካምቢዮ ዋጋ ሲበልጥ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ውሳኔ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚጨምር ከፍተኛ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ በእጅ ያለን መኪና በሌላ ከመለወጥ ይልቅ ጠግኖ ማቆየት የብዙዎች ምርጫ ሆኗል።

ያገለገለ ካምቢዮ

አብዛኛው የሚገዛው ካምቢዮ ከሌላ መኪና የወረደ ነው። በመርካቶ አካባቢ የሚገኘው ሶማሌ ተራ በዚህ ዓይነት የመለዋወጫ ንግድ ይታወቃል። መኪኖች ከውጪ ቢመሳሰሉም ካምቢዮአቸው ሊለያይ ስለሚችል በመኪናው የመለያ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የካምቢዮ ኮድ ከሚገዛው ጋር መመሳከር አለበት። በውስጡ የቀረው ዘይት ሽታና የሽቦ መሰኪያዎቹ ብዛትም ይታያሉ። ከመገጠሙ በፊት የዘይት ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹ ካልታጠቡ ከአሮጌው የቀረው የብረት ብናኝ አዲስ የገባውንም ያበላሸዋል። ከተገጠመ በኋላም በአንዳንድ መኪኖች ኮምፒውተሩ እንደገና መስተካከል ይኖርበታል።

ዕድሜን ማራዘም

በአቀበት ላይ የቆመን መኪና ነዳጅ በመርገጥ ሳይሆን በፍሬን መያዝ ዘይቱን ከመጋል ያድነዋል። ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ መውረድ መኪናውን የሞተር እገዛ ያሳጣዋል፤ ሸክሙም ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። በ«ኤል» ወይም በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይሻላል። «አር» ወይም «ፒ» የሚገባው መኪናው ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ነው። የተበላሸ አውቶማቲክ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ በገመድ ሲጎተት ፓምፑ ስለማይዞር ካምቢዮው ያለ ዘይት ይሽከረከራል። በዚህም ምክንያት የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው ወይም መኪናው በሙሉ ተጭኖ መወሰድ ይኖርበታል። አለዚያ በቀላሉ ሊጠገን የሚችል ብልሽት ጋራዥ ሳይደርስ ካምቢዮ ወደማስቀየር ሊደርስ ይችላል።