የባቲ ቅኝት በክራር፣ በጊታርና በባስ

ርእሰ ከተማው ከሚሴ በሆነው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው በአሰብ መንገድ ላይ፣ ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በገበያ የሚገናኙባት ባቲ ትገኛለች፤ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋራ ከአራቱ ዐበይት የዘፈን ቅኝቶች አንደኛው የሚጠራውም በዚህችው ከተማ ስም ነው።

ባቲ፣ በአውሮጳውያን የድምፅ አጠራር፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ የተባሉትን አምስት ድምፆች ይይዛል። ከዶ እስከ ሚ፣ ከሶልም እስከ ሲ ድረስ ያለው ርቀት ሁለት ሙሉ እርከን ሲሆን፣ በሚና በፋ፣ በሲና በላይኛው ዶ መካከል ያለው ግን ግማሽ እርከን ብቻ ስለሆነ፣ ዜማው በሰፊው ከተራመደ በኋላ ወዲያው በጠባቡ ያርፋል፤ የባቲ ጠባይ በሙሉ ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል። ሚና ሲ በግማሽ እርከን ዝቅ ሲሉ ደግሞ ማይነር የሚባለው ሁለተኛው ባቲ ይወለዳል።

ክራር እንደ ታላቅ ወንድሙ እንደ በገና ገበቴ፣ ምሰሶና ቀንበር ያለው፣ ነገር ግን አንገት የሌለው መሣሪያ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ጅማት ከተቃኘ በኋላ ከአንድ ድምፅ በቀር አይሰጥም፤ ስለዚህ በስድስቱ ጅማቶች አምስቱ የቅኝቱ ድምፆችና የአንደኛው እጥፍ ይሞላሉ። አጨዋወቱም ሁለት ነው። በድርደራ ጣቶች ጅማቱን አንድ በአንድ እየነኩ ዜማውን ይለቅማሉ። በግርፍ ግን ቀኝ እጅ ጅማቶቹን ሁሉ በአንድነት ሲመታ፣ ግራ እጅ ከወዲያ ሆኖ የማይፈለጉትን በጣቶቹ አፍኖ የሚፈለገውን ብቻ ይለቃል፤ ዜማው የሚወጣው ሌላውን ዝም በማሰኘት ነው።

የጊታር ግራ እጅ ሥራ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አውታሩን በፍሬቱ ላይ ተጭኖ ድምፁን ራሱ ይፈጥራል። ከዚህም የተነሣ ጊታርን ከአውሮጳ ኮርድ የጀመረ ተማሪ ባቲን ሲያጅብ ይቸገራል፤ በዶ ላይ የሚሠራው ኮርድ ለቅኝቱ ሲስማማ፣ በፋና በሶል ላይ የሚሠሩት ግን ባቲ የማያውቃቸውን ላንና ሬን ይዘው ይገባሉና። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ በተለመደው የጊታር ቅኝት አምስተኛውንና አራተኛውን አውታር በሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ የቀሩትን አራቱን ክፍት ቢተዉአቸው፣ ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ዶ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ይሰማል፤ ማለት ስድስቱ የጊታር አውታሮች፣ አንዳች ባዕድ ድምፅ ሳይጨምሩ፣ እንደ ክራር ባቲን ብቻ ይናገራሉ። ማይነሩን ከላ ለሚነሣ ዘፋኝ ደግሞ ሁለተኛውን አውታር በመጀመሪያው ፍሬት ላይ መጫን ብቻ ይበቃል። ከዚህ በኋላ እንደ ግርፍ እየመቱ፣ ሥራ የፈቱትን የግራ እጅ ጣቶች በአውታሮቹ ላይ ሳይጫኑ በማሳረፍ የማይፈለገውን ማፈን ይቻላል።

በአይቤክስና በኋላም በሮሃ ባንድ፣ ከሰላም ሥዩም ሊድ ጊታር ጋራ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር ይሰማ ነበር፤ እኔ ግን እዚህ የምናገረው ማጉያ ስለማያስፈልገው፣ ተጫዋቹ ቆሞ አቅፎ ስለሚመታው ስለ ትልቁ ባስ ነው። አራቱ አውታሮቹ እንደ ቤዝ ጊታር ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብለው ይቃኛሉ። በቤዝ ጊታር የባቲ ሙሉ መሰላል ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ፍሬት ባለው ስፍራ፣ እጅ ሳይነሣ፣ በአራት ጣት ይጠቃለላል። በትልቁ ባስ ግን የድምፆቹ ርቀት ሰፊ ስለሆነ፣ በአንገቱ ታችኛ ድምፆች ላይ አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ጣት ብቻ ይሠራሉ፤ ቀለበት ጣት ትንሿን ጣት ይደግፋል፤ እጁም ሳይንቀሳቀስ አንድ ሙሉ እርከን ብቻ ይሸፍናል። ስለዚህ ከፋ ወደ ሶል የሚሻገር ተጫዋች ጣቱን ከማስጨነቅ ይልቅ ክፍቱን የሶል አውታር ይመታል፤ ያ ክፍት ድምፅ እየጮኸ ሳለም ግራ እጁ ሲንና የላይኛውን ዶ ለመያዝ በአንገቱ ላይ ወደ ታች ለመውረድ ፋታ ያገኛል፤ ቀኝ እጁ ደግሞ አውታሩን በጫፍ ሳይሆን በአመልካች ጣቱ ጎን ይስበዋል፤ ሥጋው የበዛበት ጎን ወፍራም ድምፅ ያወጣልና።