የባሕር ጠላቂው ሁለተኛ አቀበት

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስንወጣ ጆሯችን ደፈን ይላል፤ ምክንያቱ የአየር ግፊት መቀነስ ነው። ይህ ቅነሳ አብዛኞቻችንን አይጎዳም። ከባሕር ጥልቀት በቅርቡ ለወጣ ሰው ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ በባብ ኤል መንደብ ሰርጥ፣ በጅቡቲ የሳዋቢ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ዙሪያ የኮራል ዓለት ለማየት የአየር ሲሊንደር አዝሎ የሚጠልቅ ሰው እናስብ። የባሕር ውኃ በየ10 ሜትሩ 1 አትሞስፌር ያህል ግፊት ስለሚጨምር፣ በ20 ሜትር ጥልቀት የሚተነፍሰው አየር ግፊት 3 አትሞስፌር ይሆናል። በሄንሪ ሕግ መሠረት በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ ከግፊቱ ጋር ስለሚያድግ፣ ናይትሮጅን በሰውነቱ ውስጥ ቀስ በቀስ ይከማቻል። ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ ናይትሮጅኑ ክዳኑ እንደተከፈተ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ያወጣል። አረፋው መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ነርቭን ይጎዳል፤ ሊገድልም ይችላል።

ጠላቂው ቀስ ብሎ ቢወጣም ትርፉ ናይትሮጅን ለሰዓታት ይቆያል። ስለዚህም ከአንድ ጥለቃ በኋላ ቢያንስ 12፣ ተደጋግሞ ከተጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳያልፍ በአውሮፕላን መጓዝ አይመከርም። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን የምንተነፍሰው አየር ግፊት 0.7 አትሞስፌር ያህል ሲሆን፣ በመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ከሚጠበቀው እንኳ ያንሳል። እንግዲህ በመኪና ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አንኮበር የሚወጣ ጠላቂ ከተጠቀሰው ሰዓት በላይ ቢቆይ ይበጀዋል።